ሰማያዊው ጠርሙስ

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሙሄ ሱቁ ውስጥ ቆሞ፣
ሁለት ጠርሙስ አሳየኝ ዋጋውን አስቀድሞ፤
«ይሄ ለቆላ ነው፣ ለኮምቦልቻ ይበቃል፤
ሰማያዊው ውድ ነው፣ የጦሳን ብርድ ያውቃል።»
ሳቅሁ። «የመስታወት ውሃ በብር? ቤቴ ሞልቷል ኦሞ!»
«አብሽር» አለኝ ሙሄ ጠርሙሱን መልሶ፣
«ዓይኑ ያንተ ነው።»

በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ፣
ሐረጎን ስወርድ በጉም መሃል ባዝኜ፣
ሲኖትራክ አለፈኝ ጭቃውን አልብሶ።
መርጫውን ተጫንኩት፦
አረፋ።
ደግሞ አረፋ።
መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ እንደ ልብስ አጣቢ፣
ነጭ በነጭ ላይ፣ መንገዱ እስኪጠፋ።
ከኋላ አንድ እናት፦
«አንተ ልጅ፣ ትነዳለህ ወይስ ልብስ ታጥባለህ?»
ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ አንገቴን አውጥቼ በመስኮት፣
ዳሩን በጎማ ድምፅ እየዳበስኩ ወረድኩት።

ማታ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። ምንም አልጠየቀኝ፤
ሰማያዊውን አውርዶ በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ።

ዛሬም ጉሙ ያው ጉም ነው።
ሁለት ቀጭን ክር ውሃ ከኮፈኑ ዘሎ፣
መስታወቱን ያብሳል ጭቃውን ጠቅልሎ፤
ቦርከና ይታያል ከታች ተንጣሎ።
ከጥጉ ላይ ብቻ፣ መጥረጊያ ከማይደርስበት፣
የኦሞው ነጭ ቀለበት ደርቆ ቀርቷል።
ጥፍሬ ሊፍቀው ሄዶ ነበር።
ተውኩት።