አጃቢ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣
የሁለት አውራጃ ካርታ ፊት ለፊቴ ዘርግቼ፣
ከሱንድስቫል ቢሮዬ የሰው መንገድ እሰፋለሁ፤
መንገደኛዬን በድምፁ እንጂ በመልኩ መች አውቀዋለሁ?

ካርታው ላይ ቀይ መስመር አለ፣ በጥፍሬ የሚሸፈን፣
የሰሜኑን በጀት ከደቡቡ የሚለይ ወሰን።
መሬቱ ላይ ግን የለም፤ ጥድ ነው፣ ከዚያም ጥድ፣
አንዲት ነዳጅ ማደያ፣ አንድ መብራት፣ አንድ መንገድ።

እዚያ ነው መኪናችን ጉንቮርን የሚያወርዳት፣
የወዲያኛው መኪና መጥቶ እስኪያነሳት።
በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ስትሄድ፣
ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ፣ በረዶው ሲወርድ፣
አርባ ደቂቃ ትጠብቃለች።
አንዴ ደወለችና «ልጄ» አለች፣
«ጉምሩክ ነው እንዴ ይሄ? ንገሪኝ እስቲ በሞቴ፤
ቪዛ አልያዘችም እኮ ኩላሊቴ።»
ሳቅን። ስልኩ ሲዘጋ
ሳቁ እኔ ዘንድ ቀረና አሳፈረኝ።

በዚያው መንገድ ዳር፣ በዚያው ሌሊት፣ ዳኑታ በእግሯ ትሄዳለች፤
ከማደያው ጀርባ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች።
አንዷ ለመታጠብ፣ አንዷ ለማጠብ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ጨለማ።
ሥራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤
የመጀመሪያው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ከሩብ ይመጣል፤
መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው
በዚያ ሰዓት ተኝቶ ኖሯል።

ሚርሳድ ሾፌሩ ነው የነገረኝ፣ ቃል ቆጣቢው ሰው፦
«ሰባት ባዶ ወንበር ይዘን በጎኗ እናልፋለን።
ረጅሙን መብራት ዝቅ አደርግላታለሁ፤
ከዚያ በላይ መመሪያው አይፈቅድልኝም።»

ዓባይስ ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤
የኛ መኪና ማደሪያ እያለው፣ ባዶ ወንበር ይዞ ያድራል።
አንሶላው እንኳ ወሰን አያውቅም፤ ንጹሑ ወዲያ፣ እድፋሙ ወዲህ፣
በጭነት መኪና ሲመላለስ ይነጋል፤
ሰው ነው እንጂ ማደያው ላይ የሚራገፍ።

ዘጠኝ ጊዜ ተሰበሰብን። የደቡቡ ኃላፊ ቶርቢዮርን፣
እስክሪብቶውን እየከፈተ እየዘጋ፦
«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሂሳቡስ ማን ጋ?»

የካቲት መባቻ፣ ጉንቮር ደወለች ከመኪናው ውስጥ።
«ልጄ፣ መመሪያው አጃቢ ይፈቅድልኛል?»
«ይፈቅዳል።»
«እንግዲያው መዝግቢልኝ።»
«ስሟ ማን ነው?»
«እኔ እንጃ። ግንባሯ ላይ መብራት አስራ ከፊታችን እየሄደች ነው፤
ስንደርስባት እንጠይቃታለን።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ዘገየ። ከዚያ ጻፍኩ፦ አጃቢ፣ አንድ።
በስልኩ ውስጥ የፍሬን ድምፅ ሰማሁ፣ የበር ድምፅ፣
ከዚያ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ማንም ማንንም ሳይሰማ።

በሳምንቱ አጃቢ ሁለት ሆነ። በወሩ፣ አራት።
ቶርቢዮርን ደወለ፦ «አንዲት አሮጊት አራት አጃቢ ምን አስፈለጋት?»
አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ምላሹ ቀላል ነበር፤
ያለ አጃቢ የወጣ ባላባት መች ታይቶ ያውቃል ካገር አገር?
በሱ ቋንቋ ግን እንዲህ ብቻ አልኩት፦ «ትልቅ ሰው ናት።»
ዝም አለ። እስክሪብቶው ሲከፈት፣ ሲዘጋ ተሰማኝ።

ቀዩ መስመር ዛሬም አለ። ሐሙስ አሥረኛው ስብሰባ ነው።
የወዲያኛው መኪና ዛሬም ይዘገያል።
ብቻ፣ ይላል ሚርሳድ፣ ከመብራቱ ሥር አራት ሴቶች
ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ፣ የሥራ ደወል እስኪጠራቸው፤
ዳኑታም ጎንበስ ብላ የጉንቮርን ብርድ ልብስ ታስተካክላለች፣
አንሶላ እንደሚያጥፍ ሰው፣
ጠርዙን ከጠርዝ እያገናኘች።