አሥራ ስድስት ቁጥር

ካርቶንህ ቀደመህ፤ ከፈትኩት በቢላ፣
ምንም አልነበረው ካንድ ማሊያ ሌላ።
አጥቤ ሰቀልኩት፣ ጀርባው ወደ ባሕር፤
አሥራ ስድስት ቁጥር።
የደቡቡ ንፋስ ገባና ነፍቶት
ትከሻ አበቀለ፣ ደረትም አወጣ፤
እውነት እንነጋገር፦ ካንተ ከራስህ ይልቅ
በንፋስ አማረ፣ ሙሉ ሆኖ መጣ።

እዚህ ቤት፣ ሩአሪ፣ ሰው በእግሩ ሳይቆም
ሚስማሩ ይመታል፤
የፎቶው ቦታ ነው፣ ፎቶው በኋላ ይመጣል።
አያት ባንዱ ሚስማር፣ ጥርስ የሌለው ሳቁ፤
ዱጋልድ አባታችን፣ አንገቱ እንደ ግንድ፣
ለኢንቨርካርጊል ቡድን ስክረም ሲገፋ ኖሮ
በር ሲገባ እንኳን በጎኑ የሚሄድ።
እናታችን ሞራግ ጦር ወርዋሪ ነበረች፣
ሜዳልያዋን ለእኔ መጫወቻ ሰጠች፤
ጦሯን ግን አተሯ መደብ መሃል ተክላ
ሐረግ አስወጣችው፣ "ሥራ ያግኝ" ብላ።
ላንተም ሚስማር ነበር፣ ገና ሳትድህ።
ለእኔ፣ ቆጥሬያለሁ፣ ግድግዳው ባዶ ነው።

በጎቹ በለቀቁት እርጥብ መስክ ላይ
መጀመሪያ የጣለህ ማን ነበር? ታውቃለህ።
በአራት ዓመት እበልጥህ፣ በክንድም እበልጥህ፤
ጉልበትህን አቅፌ ከጭቃ ስደባልቅህ
አባባ አጥሩን ይዞ ይመለከት ነበር፣
እኔን ተሻግሮ አንተን።
"ይሄ ልጅ ይወድቃል፣ ግን ደግሞ ይነሣል"
አለ ለጎረቤት። ስለ ጣይዋ ግን
ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርሁ።
በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለሴት ቡድን የለም፤
ከሥጋ ፋብሪካው ገባሁ፣ ቢላ ይዤ፤
አንተ በአሥራ ስምንት ውል ፈረምክ በክራባት፣
ብዕሩን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ ከኪሴ።

ከዚያ በኋላማ ሻንጣ፣ ሻንጣ፣ ሻንጣ።
ጃፓን፤ ስምህን ሰባብረው ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሡህ።
ፈረንሳይ፤ ደመወዝ ሲዘገይ የደረቀ የአሳማ ጭን
በጨርቅ ጠቅልሎ የላከልህ የቡድኑ ፕሬዚዳንት።
አሥራ አንድ ዓመት። መቶ አርባ ሦስት ጨዋታ።
ከመጀመሪያው ፊሽካ የገባህበት ዘጠኝ።
የቀረው ወንበር ነው፤ ካፖርት ለብሶ፣ ጉልበት እያሹ፤
የሌላው ሰው ድካም ነበረ እንጀራህ።
ስድሳኛው ደቂቃ ቦርዱ ይነሣና
ሁለት ቁጥር ወጣ፣ አሥራ ስድስት ገባ፤
በሃያ ደቂቃ አንድ ዕድሜ ትኖራለህ፣
ጥርስህን ነክሰህ፣ ዓይንህ እያነባ።

ግን ኳሷን ከመስመር ስትወረውራት ነው
እኔ ቴሌቪዥኑን የምጠጋው።
ያቺ ክንድ ያንተ አይደለችም።
ክርኗ ከፍ ስትል፣ አንጓዋ ስትላላ፣
እናታችን ናት።
በስልክም፣ ከዚህ ዳር እስከ ባሕር ማዶ፣
አንድ ምክር ነበራት፦ "ክርን ከፍ! ክርን!"
ደም ራሷ ውስጥ ፈሶ ቀኟ የዛለ ለት
ቃሉን ሁሉ ወሰደው፤ ስማችንን፣
የቀኑን፣ የዳቦን፣ የበጎቹን ስም።
ያቺን ብቻ ተወላት።

አንገትህን ሐኪሙ በብርሃን ላይ ሰቅሎ
"ይበቃል" አለህ አሉ። የመጨረሻው ጨዋታ
እኛ ጋ ሌሊት ነው፤ እኔና አባባ ነቅተን።
ሃምሳ አለፈ፣ ስድሳ፣ ሰባ።
ቦርዱ አልተነሣም።
ካሜራው በአንተ በኩል አንዴ ብቻ አለፈ፤
ካፖርትህን አጣጥፈህ ጉልበትህ ላይ አድርገህ
ለሌላ ሰው ትራይ ታጨበጭባለህ።
አባባ ተነሣ፣ ሻይ ጣደ፣ ስኳሩን ረሳ።

በሳምንቱ መጣህ። ሚስማሩን አየኸው፤ ዝም አልክ።
ማሊያውን ከገመድ ያወረድከው አንተ ነህ፣
የእማዬን ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ጠረግክበት።
ከዚያ አሮጌ ኳስ ከጎተራ አውጥተህ
ከሱፍ ቤቱ በላይ ወደ ሰማይ ላክሃት።
የሚቀበል የለም። ሽርጤን ጥዬ ሮጥኩ፤
በሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ በፋብሪካ ቦቲ፣
ዘለልኩ፣ ያዝኳት፤ ጭቃው ላይ ወደቅን፣ እኔና ኳሷ።
"ዝቅ አለች" አልኩህ።
በመስኮቱ በኩል፣ አተሩ የጦሯን ጫፍ አልፎ ከቆመበት፣
እማዬ በግራ እጇ መስታወቱን መታች፦
"ክርን!"