እፍኝ ሩዝ

በእኛ በቺን ተራራ፣ ድስት ገና ሳይጣድ፣
እያንዳንዷ ሴት ከምታበስለው ላይ
አንድ እፍኝ ትዘግናለች ለወንጌል መንገድ።
የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ክዳኑ የዛገ፣
ከምድጃው ጥግ ላይ እንደ ልጅ ያደገ፣
እሁድ ጧት ይመጣል በየእናቱ ብብት፤
እኔ ነኝ የጆንያው ጠባቂ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየሰፈርኩ የኖርኩት።

በዚያ ሩዝ ነው ዛ ጼው ወደ ቆላ የተላከ፣
ቋንቋቸውን ለምዶ፣
ከየደጃፋቸው የተንበረከከ።
እኛ በቆሎ ቀቅለን፣ ሩዙን ለእርሱ ሸጠን፣
ወባ ሲጥለው ኪኒን፣ ሲያገባ አሳማ ልከን፣
ማንም አልቆጠረው እንደ ትልቅ ነገር፤
እጃችን ሲዘግን ሳናስበው ነበር።

ከዚያ አውሮፕላን መጣ። ሐሙስ፣ በአራት ሰዓት።
የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ እንደ ብራና ተጠቀለለ፣
ደወሉ ቀለጠ ተሰቅሎ ባለበት።
ልጄ ንጉን ልያን
የኳስ ጫማውን ሊያወጣ ተመልሶ ነበር።
ከዚህ ወዲያ አልጽፍም።
አንደኛው እግር ጫማ ከትራሴ ሥር ነው የሚያድር።

ወንዙን ተሻገርን። በሰማያዊ ሸራ፣ በቀርከሃ ምሰሶ፣
እርዳታው ሲሰፈር ላንድ ቤት ለሳምንት አራት ጣሳ ደርሶ፣
ሴቶቹ እሁድ ጧት ደግሞ ሲመጡ አየሁ፣
እፍኛቸውን ይዘው፤
አፈርኩ ልበል? ፈራሁ ልበል? ጆንያውን ዘረጋሁ።

በዚያው ሰሞን መጡ ልጆቻችን ከጫካ፣
(ገሚሱን ያዋለድኩት እኔው ነኝ)
የአደን ጠመንጃቸው ገና ደም ያልነካ።
«ብረቱን ባርክልን» አሉት ፓስተሩን።
ባዊ ሙንግ ዝም አለ፤
ከዚያ ባናታቸው፣ አንድ በአንድ፣ ጫነባቸው እጁን፣
በስማቸው ጠርቶ፣ በአባታቸው ጠርቶ፤
ብረቱ ጭቃው ላይ ቀረ ተረስቶ።
«ቁስለኛ ስታገኙ አምጡልን» አላቸው፣ «የማንም ቁስለኛ።»
አንዱ ሳቀበት። ወደ እኔ ዞረና፦ «አንቺስ፣ የጆንያው ዳኛ፣
ያ ቆላ ያለው ሰው ለማን ነው የሚሰብክ?
አብራሪው ከዚያ ነው!
የልጅሽን ገዳይ በሩዝሽ ሲባርክ!»

እውነቱን ነው አልኩኝ። ያን እሁድ፣ የቀጣዩን፣ የሚቀጥለውን
ባዶ አደረ ጣሳዬ።
ሩዙ ውስጥ አስገብቼ እጄን እጨብጣለሁ፤ አላነሳም ግን።
እፍኝም መዳፍ ነው፣ ጡጫም ያው መዳፍ፤
ማን ያውቃል፣ ሩዙ ሥር፣
ጣት ለምን እንደሚታጠፍ።

ደብዳቤ ደረሰ፣ በስልክ የተነሣ፣ ግማሹ የደበዘዘ፦
«እዚህም ወጣቱ ከገበያ ታፍሶ ባልፈለገው ታዘዘ።
ዶ ሚያ የምትባል ባልቴት የልጇን ሬሳ ተቀበለች ትናንት፤
አሥራ ስምንት ዓመቱ፤ ከእናንተ ተራራ ነው የመጣላት፤
ይህን አልነገርኳትም።
ባዶ እግሩን ነበረ።
ጎረቤት ፈርቶ ሲቀር፣ የላካችሁትን ሩዝ ቀቅዬ
ከእርሷ ጋር በላሁ። ማን እንደላከው ጠየቀችኝ፣ ስለ ምን እንደላከው።
መልሱን ጀመርኩላት እንጂ አልጨረስኩትም፤
ይኸው ማታ ማታ እየመጣች ትጠይቃለች።»

ፓስተሩ አንብቦ ሲያበቃ ማንም አሜን አላለ።
እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ሩዜን በላችው!
ወንዙ ዳር ተቀምጬ እስኪመሽ ረገምኩ፤
ማንን እንደሆነ እርሱ ያውቃል እንጂ እኔ አልለየሁም።

ቅዳሜ ማታ፣ ድስት ገና ሳይጣድ፣
እጄ ሩዙ ውስጥ ገባ፣ እንደ ልማዱ።
ይቅርታ አይደለም። ይቅርታ ይህ ከሆነ
እጅግ ያንሳል፤ ግማሽ እፍኝ ነው፣
ከእርሱም ላይ በጣቴ መሃል ሾልኮ
የጎረቤት ዶሮ የለቀመችው አለ።
የቀረውን ጣሳው ውስጥ ጣልኩት፤ ጮኸ፣
ባዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር።
እሁድ ጆንያውን ስሰፍር
«ግማሽ» ብዬ መዘገብኩ፤
የስሙን ቦታ ክፍት ተውኩት።