የዕድሜ ምስክር

ስልሳ ዓመት ሞላኝ ብል በጡረታ ቢሮ፣
ናሁሰናይ ሳቀ ወንበሩን አዙሮ።
"የእናትሽ ጉዳይ ነው? ራሷ ትምጣ በያት፤
በሰው እጅ አይሰጥም ብሎኛል ንገሪያት።"

"ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ፣ በለጥሻቸው" አልኩት፤
መታወቂያዬንም ከፊቴ ጎን ያዝኩት።
አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ጉንጬን አይቶ፣
እንደ ተጠረጠረ ብር ወደ መስኮት አንስቶ፣
"ሦስት ምስክር አምጪ፣ ልደትሽን የሚያውቅ፤
በዚህ ፊት አልፈርምም፤ ነገ እኔው ነኝ የምጠየቅ።"

ደብረ ብርሃን እኮ ውርጩ እንደ ድንች ይልጣል፤
ጠዋት ስቆ የወጣ፣ ማታ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይገባል።
እኔን ግን ጎረቤት በየአጥሩ ይዞኝ፣
"ምን ትቀቢያለሽ?" ይላል፣ "ንገሪን" እያለኝ።
አንዷ እርድ በማር ነው፣ አንዷ እሬት ትላለች፤
ዘርትሁን ደግሞ "ከዱባይ ነው" ብላ ለሰፈር ምላለች።

አልዋሽም፣ እቀባለሁ፤ ግሊሰሪን ከቫዝሊን፤
በሻሽ እሸፍናለሁ በነፋስ ቀን ፊቴን።
"ለማን ነው?" ይል ነበር ባሌ፣ ነፍስ ይማር፤
"ለመስተዋቱ" ስለው ሳቁን መች ይችል ነበር።
ባለፈው ጥር በሠርግ ቤት አንድ ሹፌር ከጣርማ በር
"ሚጡ" ብሎ ቢጠራኝ፣ እስከ ፋሲካ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ምስጢሩ ሌላ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት
ከፋብሪካው ጣራ ስር፣ ከሱፍ መለያው ቤት፣
ፀሐይ ሳታየኝ ገብቼ ሳታየኝ እወጣለሁ፤
ያልታጠበውን ጠጉር በጣቴ እለያለሁ።
የመንዝ በግ ስቡ መዳፌ ላይ ይቀራል፤
ሳላውቀው ፊቴን ስዳስስ፣ ፊቴም ይቀባል።
በጉ ለገዛ ብርዱ የቋጠረው ቅባት፣
እኔን አሳመረኝ፣ እሱን ሳይጠይቁት።

ልደቴን ከሚያውቁት ሁለቱ ሞተዋል፤
አንዱ ጆሮው ጠፍቶ ስሜን ይረሳል።
ቢሮው በአንድ እንዲያልፈኝ ለመንኩ ተመላልሼ፤
የቀረችኝ ይርገዱ ናት፣ የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ።

ከመሀል ሜዳው አውቶቡስ ስትወርድ፣ እናቴ መሰለችኝ፤
ደንግጬ ልስማት ስጠጋ፣ ጉንጯ ቧጨረኝ።
የገብስ አጨዳ ወራት ግንባሯ ላይ ከትሟል፤
የጓሳ ነፋስ በፊቷ ትልም አውጥቶ ውሏል።
ሰባት ወልዳ፣ ሁለት ቀብራ፣ ኩበት ስትለቅም ኖራ፣
ፊቷን የምታየው ከምንጭ ላይ፣ ውሃ ስትጠብቅ በተራ።

ቢሮ ስንገባ ልጁ ብድግ አለ ከወንበሩ፤
"ይቀመጡ እማማ" አለ፤ አማረ ምግባሩ።
"እናቷ ነዎት አይደል? ልደቷን ይናገሩ።"

ይርገዱ የጠመጠመችውን ሻሽ ቀስ ብላ ፈታች፤
ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣ እንዲህ ስትል መለሰች፦
"ታናሿ ነኝ፣ ልጄ። በሰባት ዓመት ታናሿ።
አንቀልባው እየሰፋት ሲንሸራተት ከትከሻዋ፣
ክርስትና ስነሳ ያዘለችኝ እሷ ናት በጀርባዋ።"

ክፍሉ ዝም አለ። ማህተሙ በእጁ ቀረ።
ከኋላ የቆመው ሰልፍ ሁለታችንን አማተረ።
ናሁሰናይ ጆሮው ቀላ፤ ይቅርታ ሊል ጀመረ፤
ተወው ደግሞ፤ ፈረመ። ብዕሩ ወረቀቱን ጫረ።

እኔ ግን አፈርኩኝ ሰው ባሞገሰው ፊቴ፣
እንደተበደርኩት ከታናሽ እህቴ።

ቤት ስንገባ መስተዋቴ ፊት ድንገት ቆመች፤
"እንዴ! እማዬን አየኋት" አለችና ሳቀች።
ሳቋ ብቻ አላረጀም፤ ያው የልጅነቱ ነው፣
"ሴት ልጅ እንዲህ አትስቅም" ብላ እማዬ የገሠጸችው።

ማታ ቫዝሊኑን አውጥቼ ከአጠገቧ ቁጭ አልኩኝ፤
"ፊትሽን ልቀባሽ" ብላት፣ ቀና ብላ አየችኝ።
"ፊቴንስ ተይው፤ እሱ ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል፤
ይልቅ ተረከዜን ቅቢኝ፤ የብርድ ልብስሽን ክር ይመዛል።"

እግሯን ከጭኔ አኖርኩት። ንቃቃቱ ጣቴን ዋጠ፤
የቀባሁትን በሙሉ እንደ ግንቦት መሬት መጠጠ።
ዕቃው ተጋመሰ። ውጭ ውርጩ ይወርዳል፤
እሷን እንቅልፍ ወስዷት ትንፋሿ ይሰማል።

አንዱን እግር ጨረስኩ፤
ሌላውን ጀመርኩ።