ቅጽ ቁጥር አራት

ከዞን መጥቷል ቅጹ፣ አራት ገጽ ወረቀት፦
"በከተማው ያለ ማንኛውም አገልግሎት፣
የመስህቡም ብዛት ተሞልቶ በቁጥር
ዐርብ ሳይመሽ ይላክ"፤ ሌላ የለው ነገር።
እኔም የባሕር አፋፍ ማዘጋጃ ጸሐፊ፣
በሁለት ካፖርት ከመንዝ ብርድ ተራፊ፣
መስኮቱን ከፈትኩት፤ ሐይቁ እዛው ነበረ፣
ጉሙን እስካንገቱ ስቦ እንዳደረ።

ተራ ቁጥር አንድ፦ ሐይቅ። ካርታው "ግድብ" ቢለው፣
ሠላሳ ዓመት ሲተኛ ማን ስም ይከለክለው?
"ስፋት?" ይላል ቅጹ፤ የየቱ ወር ስፋት?
በመስከረም ይገባል እስከ ሻይ ቤቱ ማጀት፤
በግንቦት ይሸሻል፣ አፉ እንደደረቀ ሰው፣
ጭቃውን ጥሎልን፣ ኮቴ የሚያርሰው።
"መካከለኛ" ብዬ ዘለልኩት በይሉኝታ፣
መስኮቱ ላይ ሆኖ ሲያየኝ በዝምታ።

ተራ ቁጥር ሁለት፦ "የውሃ መሻገሪያ"፤
የሸዋንግዛው ጀልባ፦ ታክሲ፣ አምቡላንስ፣ የወሬ ማደሪያ።
ጤና ጣቢያው ማዶ፤ ጎዳናው የራቀ፣
በውሃ ቅርብ ነው፣ ንፋስ ካልተናነቀ።
ባለፈው ጥር ሌሊት ይርጋለምን ምጥ ይዟት፣
ቁራሽ ጨረቃ ሥር ሸዋንግዛው ጭኗት፣
መሐል ላይ ሲደርሱ፣ መቅዘፊያው ሳይወጣ፣
አንድ ለቅሶ ሰማን፣ ከውሃው የመጣ።
በሳምንቱ አባት መጣ፣ ልደት አስመዝጋቢ፤
"የትውልድ ቦታ?" ስል ጣራ አየ እንደ አሳቢ።
"ቀበሌውስ?" አልኩት። "ከሁለቱ መሐል።"
ማኅተሙን መታሁት፤ "ውሃ ላይ" ይነበባል።

ተራ ቁጥር ሦስት፦ "ቤተ መጻሕፍት"፤
መጋዘን ነበረ፣ የማዳበሪያ ቤት፤
ዛሬም ሲገልጡት ዩሪያ ይሸታል ፊደሉ።
ቁልፉ ይፍቱሥራ ዘንድ ነው፤ ልጆች ይከተላሉ፣
አንገቷ ላይ ታስራዋለች፣ ከማተቧ አጠገብ፤
ገበያ ከወጣች ገበያ ነው ንባብ፦
ሚዛን ፊት ቆማ ሽንኩርት እያስመዘነች፣
"ገጽ ስንት ላይ ነህ?" ብላ ትጠይቃለች።
መጨረሻ ገጹን አይጥ የበላው ልብ ወለድ
እሷ ትዘጋዋለች፦ ለአንዱ በሠርግ፣ ለአንዱ በስደት መንገድ።
"ጉዳት የደረሰበት" የሚል ዓምድ አለው ቅጹ፤
ባዶ ተውኩት። ይቅር። አልጎደለም ገጹ።

"ገበያ"፦ ቅዳሜ። በግ፣ ባና፣ ዝተት፣ ገብስ፣
ከይፋት ቆላ የተጫነው ብርቱካን እስኪደርስ።
ሻጭም ገዢም ከፀሐይ ጋር ዟሪ እንደ ሱፍ አበባ፤
ጥላ የቀደመው ዕቃ ይመለሳል፣ ገዢ ቤት ሳይገባ።

"የመጠጥ ውሃ" ሲል አንገቴን ደፋሁኝ፤
ቢጫ ጀሪካኖች በመስኮቱ ታዩኝ፣
ለሐይቁ ጀርባ ሰጥተው፣ በቦኖው ሰልፍ ላይ፣
ሲጠብቁ የዋሉ የማክሰኞን ሲሳይ።
ቦኖ፦ አራት ብዬ፣ ለጠቅ አድርጌ ጻፍኩ፦
"ሁለቱ ይስላሉ"፤ ይኼን ግን አልሰረዝኩ።

"ልዩ መስህብ" ሲለኝ ዳክዬ ልጽፍ ነበር፤
ግን በቁጥር ነው ይላል፤ ስቆጥር፣ ስቆጥር፣
አሥራ ሰባት ስል ሁሉም ተነሥተው በረሩ፣
ተመልሰው ሲያርፉ ሃያ ሦስት ነበሩ።

የመጨረሻው ዓምድ፦ "ሌላ ካለ ይጠቀስ"።
ግንቦት ሲጋመስ፣ ውሃው ወደኋላ ሲመለስ፣
የአባቴ አውድማ ድንጋዩ ብቅ ይላል፣
ግድቡ የዋጠው፤ ለሁለት ሳምንት ይታያል።
አክስቴ ልሳነወርቅ ነጠላ አጣፍታ ትወርዳለች፣
በሌለ በር በኩል ጎንበስ ብላ ትገባለች፤
ጫማዋን ጭቃ ሲውጥ፣ ዞራ "ግቡ" ትለናለች።
እኛ አንገባም። ደፉ ላይ እንቆማለን፣
የቱ ጋ እንደነበር ደፉን ሳናውቅ እንኳን።

ተቋም ነው? መስህብ ነው? ቅጹ አያውቅልኝም፤
ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ዐርብ አይጠብቅም።
"የለም" ብዬ ጻፍኩና አሸግሁት ፖስታውን፤
ከዚያ ወርጄ ሄድኩ፣ ልቆጥር ዳክዬውን።