ታኮ

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በግራ ታጥፎ፣
ጋሽ ላቀው አንድ ተዳፋት መረጠ፣ ሜዳውን ሁሉ አልፎ።
ፒካፑ አቃሰተ። ከኋላው ካራቫኑ፣
ከመንገድ ሥራ ድርጅት በጨረታ የገዛው፣ የተላጠ ቢጫ ጎኑ፣
እንደ ሰርግ ቤት ሰካራም ወደ ወንዙ ዘመመ፤
ውስጥ ያለው ድስት ተንከባሎ ከበሩ ተጋጭቶ ቆመ።

"ሰው ሜዳ ሞልቶለት" አሉ አዴ ሎሚ፣ የመሬቱ ባለቤት፣
"ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ምን አስመኘው ዳገት?"
ጋሽ ላቀው ሳቀ እንጂ መልስ አልሰጠም።
ሠላሳ ዓመት ጋቢና ውስጥ ሲያድር፣ ራሱ ከእግሩ እኩል ሆኖ አያውቅም።

እኔ ረዳቱ ነበርኩ።
ጫንያለው ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ
የጭነት መኪና እንደሚሆን ማን ነግሯት ነበር ቤቴ?
ሞተሩ ገና ሳይጠፋ፣ ፍሬኑ ሲጢጥ ሲል፣
"ጫኔ! ታኮ!" ይል ነበር፤ እኔም ከላይ ዝልል፣
ድንጋይ ፍለጋ፤ በሌሊት፣ በጉም፣ በዝናብ፣
አራት መቶ ኩንታል ስንዴ በሁለት ድንጋይ ስገድብ።

ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል። ክሪኩን ሲያዞር አየሁት፤
እንዳላየ ሰው ዞር አልኩና ጣውላውን አነሳሁት።

ሥራው ተራ አለው። መጀመሪያ ጎንና ጎን፤
ዝቅ ባለው ጎማ ፊት ጣውላ ይነጠፋል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነ አሁን፤
እሱ መሪ ይዞ በቀስታ ይስባል፣ ጎማው ጣውላው ላይ ይወጣል፤
ውሃ ልክ አልያዝንም፤ ግማሽ የተጠጣ ሃይላንድ ወለሉ ላይ ይጋደማል።
አረፋዋ ወደ ዳገቱ ትሸሻለች። "ትንሽ ቀረ!" እላለሁ፤
ትመለሳለች። "በዛ!" ትሄዳለች። ተንበርክኬ አያታለሁ፣
መሃል ላይ እስክትቆም።
ቆመች። ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ አረፋዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ታኮው፣ ከፒካፑ ሳይፈታ፤ ይሄን ማንም አይርሳ፤
ቀድሞ የፈታ ሰው ቤቱን ከወንዝ ነው የሚያነሣ።
ከጎማው ፊትም ኋላም፣ በሁለቱም በኩል፣ ድንጋዩ ጎማውን እስኪነክስ፤
ቀጥሎ መፍታት፤ ቀጥሎ የፊቱን እግር ማዞር፣ አፍንጫው ቀና እስኪል ድረስ።
በመጨረሻ አራቱ የማዕዘን እግሮች ይወርዳሉ፤
"እነዚህ" አለ ጋሽ ላቀው፣ "ይደግፋሉ እንጂ አይሸከሙም፤ ካሸከምካቸው ይታጠፋሉ።"
ይህን ሲል ጉልበቱን ይዞ ነበር።
ስለ የትኛው እግር እንደሆነ አልጠየቅሁትም ነገር።

መሸ። ከእንጦጦ ወዲያ የከተማው መብራት ደመናውን አቅልቶ፣
ከታች በአስፋልቱ አንድ ተሳቢ ወረደ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ድምፁን ጎትቶ።
ጋሽ ላቀው በጨለማ፣ "የጎሃ ጽዮኗን ታስታውሳለህ፣ ጫኔ?"

እንዴት ልርሳት እኔ?
ጎማ ቀይረን፣ ዝናብ እያባረረን፣ ተቻኩለን፣
ሁለቱን ድንጋይ አስፋልቱ መሃል ጥለን፣
ሄድን።
በማግስቱ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰማን፤ ሞተረኛ፣ ማታ፣ ኩርባው ላይ፤
የትኛው ኩርባ? አልጠየቅንም። ሻያችንን ጠጣን፣ ሳንተያይ።

"አስታውሳለሁ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ወለሉ ውሃ ልክ ነበር፤ ድስቱ እንኳ አልተንከባለለም፤
እሱ ግን ሲገላበጥ አደረ። እኔም አልተኛሁም።

ጤዛው ሳይረግፍ ተነሣን። እግሮቹን ሰበሰብኩ፤ መንጠቆውን ቆለፍኩ፤
ታኮ ለማንሣት ዞር ስል እሱ ቀድሞኝ ኖሯል፤ ባለሁበት ቆምኩ።
ተንበርክኮ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ነቀለ፤
ከሆዱ ጋር አስጠግቶ ዳገቱን ወጣ፣ በየእርምጃው እየቆመ፣ ቀስ እያለ፤
ከአዴ ሎሚ አጥር ሥር አኖረው። ተመለሰ።
ሁለተኛውን። ልርዳህ ብዬ ብጠጋ፣ አፌን ሳልከፍት እጁ "ቁም" ብሎ መለሰ።

እዚህ ሞተረኛ አያልፍም። መንገድም የለ። ላም እንኳ ገና አልወጣ።
ሦስተኛውን አደረሰና ለአራተኛው መጣ።
እኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሾፌሩ ወንበር፣
እግሬን ፍሬኑ ላይ ተክዬ እጠብቀው ነበር።