ሃያኛው ሙከራ

ሃኖቨር፣ በየካቲት፤ ከምድር በታች ክፍል፣
ግድግዳዋ የስፖንጅ ጥርስ የሞላባት፣
ዝም ብሎ ለገባ፣ የገዛ ደሙ ነው
እንደ ሩቅ ወንዝ ሆኖ የሚሰማባት።

የእኔ ሥራ ቀላል፤ ወረቀት ይዞ መቀመጥ፤
«ሀ» ይሻላል ያለን፣ «ለ» ይሻላል ያለን ሰው
በየሰንጠረዡ ቤት በእርሳስ ማስቀመጥ።
ሒሳቡ የዴትሌፍ ነው፤ ማሽኑም የሱ ነው።

ዴትሌፍ እንዲህ ይላል፦
«ጆሮ ዳኛ ቢሆን፣ እንቅልፋም ዳኛ ነው፤
ከበሮ ሲጮህበት ሹክሹክታ አይሰማም፤
ያልተደመጠን ምስክር ለምን እናጓጉዝ?
ቆርጦ የጣለው ሰው በነገር አይታማም።»

አሥር እጅ የነበረው አንድ እጅ ይሆናል፤
ሙሉ ኦርኬስትራ ከኪስ ይገባል፤
ከጸናጽሉ ጫፍ ብናኙ ይረግፋል፤
ከአዳራሹ ጣሪያ ማሚቶው ይጎድላል፤
ቀሪው ግን ሙዚቃ ነው። ማን ልዩነት ያውቃል?

ዋልቡርጋ ያውቁ ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው፤
ሠላሳውን ያህል፣ ኦርጋን ሲመታ ሌላው፣
ከጎኑ ቆመው ገጽ የገለጡ ናቸው፤
የመግለጫዋን ቅጽበት ትንፋሹ ነው የሚነግራቸው።

ሐኪማቸው ጽፏል፦ «ከስምንት ሺህ ሄርትዝ በላይ
ጆሮዎ ተዘግቷል፤ ቀጭን ድምፅ ደጅ ቀርቷል።»
ወረቀቱን አሳዩን፤ ሳቁ ዋልቡርጋ፦
«እናንተ ዘገያችሁ፤ ዕድሜ ቀድሞ ጨምቆኛል።»

አንደኛው ካስታኔት።
«በ‹ለ› ውስጥ» አሉ፣ «እንጨቱ ሳይጋጭ ገና
አንዳች ነገር ሽው አለ፤ ጥላው ቀደመና
ከባለቤቱ በፊት በሩን አንኳኳና…»
ዴትሌፍ ፊቱ ቀላ፤ እውነት ነበርና።

ቫዮሊን። የሕፃናት መዘምራን። ጭብጨባ።
«ይሄ ጭብጨባ አይደለም፣ ሽንኩርት ነው፣ ዘይት ውስጥ የገባ።»
ጸናጽሉስ? «ውኃ ውስጥ ወድቋል፤
ሲያወጡት ይንጠባጠባል።»
እኔ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።
አሥራ ዘጠኝ ሙከራ፣ አሥራ ዘጠኙም ልክ።
የዴትሌፍ ሻይ በረደ።

ሃያኛው ቼሎ ነው፤
ከአንድ ራዲዮ ጣቢያ ማኅደር የወጣ አሮጌ ቴፕ።
ተጫዋቹን አልነገርናቸውም፤ እኛም አላወቅንም።
የመጀመሪያው ድምፅ ገና ተስቦ ሳያልቅ
እጃቸውን አነሡ።
«ኤክሃርት ነው» አሉ። «ወንድሜ።»

ከዚያ ዝም።
«ሀ»ን ሰሙ፤ «ለ»ን ሰሙ፤
መልሰው «ሀ»ን፣ መልሰው «ለ»ን፤
ዐይናቸው ተጨፍኖ፣ ሌባ ጣታቸው አየር ላይ፣
ገጽ ሊገልጥ እንደተዘጋጀ።

«‹ለ› ነው እውነተኛው።
ቀስቱን ከማውረዱ በፊት በአፍንጫው አየር ይስባል፤
ልጅ ሳለ ጉንፋን ለቆት አያውቅም ነበር።
እዚህ ይተነፍሳል። እዚያኛው ላይ የለም።»

ወረቀቴን አየሁ።
የተጨመቀው «ለ» ነበር።
ትንፋሹን ማሽኑ ወስዶታል፤ ከቴፑ ሽውታ ጋር
ትርፍ ነው ብሎ ጠርጎ ጥሎታል።
«ሀ» ላይ ነው ያለው፤ እኔ ሰምቼዋለሁ፤
ስስ ነው፤ ቀጭን ነው፤
ሐኪሙ ከዘጋው ደጅ ውጪ የቆመ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል።
ዋልቡርጋ ግን ለቀሙ፤
ነደደ፤ ሞቃቸው።

ዴትሌፍ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤
ከጆሮ ሁሉ የከበደውን ጆሮ ማሽኑ አታለለ።
እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ
ያልቆሸሸውን መስተዋት ይጠርጋል።

«ስንት አገኘሁ?»
«አሥራ ዘጠኝ» አልሁ።
«የሳትሁት የቱን ነው?»
ምላሴ ላይ የመጣው፦ «ጭብጨባውን።»
«እሰይ» አሉ፣ ካፖርታቸውን እየደረቡ፣
«ጭብጨባ አላውቅም።
ገጽ ለሚገልጥ ማን አጨብጭቦ ያውቃል?»

በሩ ላይ ቆም ብለው ስልካቸውን አቀበሉን፤
ወንድሜን ጫኑልኝ አሉ።
ዴትሌፍ አየኝ፤ አየሁት።
«ለ»ን ጫንነው።
ሦስት ሜጋባይት፤ ቦታ አልወሰደም።